እንሰት ሲፋቅ ያየው ኃላፊ

ያኔ ባህል በሳምንት ነበር የሚታደለን። ዓመቱን ሙሉ ግምገማና አቅም ግንባታ ስንጠጣ ከርመን ኅዳር ሲገባ «የባህል ሳምንት» ይታወጅና ሶዶ ከተማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ዱንጉዛ በሚባለው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የአገር ጨርቅ ይጠቀለላል። የዘበኛው ቆብ፣ የባጃጁ መቀመጫ፣ የመድረኩ እግር፣ የኃላፊው አንገት። አንድ ዓመት የግቢያችንን ውሻ ሳይቀር አልብሰነው ለሦስት ቀን ሰው አልጮኸበትም። የባህል ኮሚቴ አባል የሆነ መስሎት ነበር።

እኔ የምሠራው ከባህል ጋር ጉዳይ ባለው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ሥራዬ «ባህልን ማልማት» ይባላል። ባህል እንዴት እንደሚለማ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ማዳበሪያ ግን እንዳልጨመርንበት እመሰክራለሁ። በየዓመቱ ያው ጨፋሪዎች ያንኑ ጭፈራ ይጨፍራሉ፣ ያው እንግዳ ያንኑ ንግግር ያነባል፣ እኛም አበላችንን ተቀብለን ወደየቤታችን እንገባለን። ደስ የሚል ኑሮ ነበር። የተበላሸው ኃላፊያችን ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ነው።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። የሚያስፈራው ከሥልጠና ሲመለስ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ፊልም አሳይተውት መጣ። በሩቅ ውቅያኖስ መካከል ባለ ደሴት፣ ከባሕሩ ርቀው ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው አሉ። ራሳቸው ላይ የወፍ ላባ ይሰካሉ፣ ፊታቸውን ቢጫ ይቀባሉ፣ አሳማ አርደው ይደግሳሉ፣ ድንጋይ ስለው መጥረቢያ ይሠራሉ፤ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ ቱሪስት ፊት ነው።

«ልብ በሉ» አለን በስብሰባው። «እነሱ ተራራ ላይ ነው የሚኖሩት። እኛስ? ዳሞታ አናታችን ላይ ነው። እነሱ ሥር ቆፍረው ይበላሉ። እኛስ? እኛም ሥር ቆፍረን ነው የምንበላው። ታዲያ ልዩነታችን ምንድን ነው?»

«አሳማው» አለ ከኋላ የተቀመጠው ሾፌራችን።

«ልዩነታችን» አለ ኃላፊው ሾፌሩን እንዳልሰማ አልፎ፣ «እነሱ ሲሠሩ ያሳያሉ፤ እኛ ደብቀን ሠርተን ጭፈራ ብቻ ነው የምናሳየው። ከዘንድሮ ጀምሮ ሕያው ባህል ነው የምናቀርበው። ሜዳው ላይ፣ እንግዶች ፊት፣ እናቶች እንሰት ይፍቃሉ።»

ኮሚቴው በሙሉ ወንድ ነበር። (በዕቅዱ ላይ «የሴቶች ተሳትፎ» የሚለው ቦታ በሚገባ ተሞልቶ ስለነበር ሴት ማምጣት አላስፈለገም።) ከመካከላችን ቆጮ ያላሳደገው የለም፤ እንሰት ሲፋቅ ያየ ግን አንድ ሰው አልነበረም። እኛ አገር ወንድ እንሰቱን ይተክላል፣ ይነቅላል፣ ተሸክሞ ሴቶቹ እግር ሥር ይጥላል፣ ከዚያ ይሄዳል። የሚሄደው ወዶ አይደለም። የምትፍቀው ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንሥታ የእንሰቱን ልጥ በተረከዟ ከሳንቃው ጋር ትጫነዋለች፤ ቀሚሷን እስከ ጭኗ ሰብስባ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትሞዥቀዋለች። ይህን የምነግራችሁ በወሬ ነው። ወንድ በዚያ ካለፈ ነውር ነው፤ በነውሩ ላይ ደግሞ የወንድ ዓይን ያረፈበት ቆጮ ውኃ ሆኖ ይቀራል፣ አይረጋም ይባላል። እኔ በልጅነቴ ኳሴን ፍለጋ ወደዚያ ጠጋ ብዬ የተወረወረብኝ መፋቂያ ጆሮዬን አፏጭቶ አልፎ፣ ሦስት አጥር ተሻግሮ የጎረቤት ዶሮ እንደመታ ይነገራል። የምነግረው እኔው ነኝ።

እና ሁላችንም ይህን እያወቅን ሁላችንም ሌላው ይናገር ብለን ጠበቅን። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ አነሣው።

«ወንድ አያይም የሚሉት ነገር እንዳለ አውቃለሁ። እሱ ጎጂ ልማድ ነው። መፋቁ ግን ጠቃሚ ባህል ነው። ጎጂውን ከጠቃሚው እንለያለን። የምትፍቅ እናት ማን ያመጣል?»

እዚህ ላይ ምላሴ ሥራ ያዘ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ከፊቴ ያለው የኮሚቴ ውኃ ጋዝ ስለነበረው ይሆናል። «አክስቴ አለች» አልኩ። «ከዳሞታ በታች እንደ እሷ የሚፍቅ የለም።»

አየሁ ብዬ እኮ አይደለም።

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ወደ ዳሞታ ወጣሁ። ባጃጁ እስከ ቻለበት ወጣ፤ ከዚያ የባጃጁ ሾፌር «ከዚህ በላይ እኔ ራሴ ነኝ እሱን የምሸከመው» አለኝና ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። አክስቴ የአባቴ እህት ናት። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ከኋላ እንድትቆም የተደረገችው ከፊት ስትቆም ማይኩ ስለሚያፍር ነው። ላሟን ስትጠራ ራቅ ብላ ባለችው በዴሳ ከተማ ያሉ ላሞች ቀና ይላሉ።

ስደርስ አጎንብሳ እንሰቶቿን እየዞረች ግንዳቸውን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች። ልጇ ጥር ላይ ልታገባ ነበር። ለሠርጉ የሚሆኑትን፣ ያረጁትንና ወፍራሞቹን፣ እየመረጠች ነው። እነሱ ተፍቀው፣ ጉድጓድ ገብተው፣ ረግተው ለሠርጉ ካልደረሱ ሌላ የደረሰ እንሰት የላትም።

«ደህና መጣህ» አለችኝ። «የበዴሳዋ እመቤት ምን እንዳለች ሰማህ?»

ሰምቻለሁ። የበዴሳዋ እመቤት የሙሽራው እናት ናት፤ እህል ነጋዴ፤ አንድ እፍኝ በቆሎ አይታ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ ባለማሳውም ከሚስቱ ጋር መጣላት አለመጣላቱን ትናገራለች የምትባል። ልጅቷን ልታይ መጥታ እጇን ገልብጣ አየችና «ይሄ የእስክሪብቶ እጅ ነው» አለች። የአክስቴ ልጅ ሶዶ ውስጥ መምህርነት ተምራ መመረቋ ነው ጥፋቷ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ በበዴሳ ገበያ ለሚሰማትም ለማይሰማትም «ልጄን ጠመኔ ልታበላው ነው» እያለች ነው። ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ዳሞታ ደርሷል። ሙሽራው ልጅቷን ይወዳታል፤ እናቱን ደግሞ ይፈራል። ሁለቱ ሲመዘኑ ፍርሃቱ ትንሽ ሳይከብድ አይቀርም ነበር።

እኔ ጉዳዬን ነገርኳት። አክስቴ እንሰቱን ተደግፋ አዳመጠችኝ።

«ሜዳ ላይ?»

«አዎ።»

«ወንድ በተሰበሰበበት?»

«ባህል ነው እኮ አክስቴ።»

«ጭኔ ባህል ከሆነ አንተ የማን ሠራተኛ ልትባል ነው? እፈር።»

አፈርኩ። ግን አፍሮ ዝም የሚል ሰው ባህልን አያለማም። «አንቺ በጌታ ነሽ» አልኳት። «ወንድ ካየው ቆጮው ይበላሻል የሚለውን አሁንም ታምኛለሽ?»

«እኔማ አምኜ ድኛለሁ» አለች። «እንሰቱ ግን ገና አልዳነም።»

ተነሥቼ ልሄድ ስል «ቆይ» አለችኝ። «ሴቶች ይመጣሉ?»

«ከየወረዳው።»

«ከበዴሳም?»

«የተጠራ ሁሉ ይመጣል።»

እንሰቱን መታ መታ ማድረጓን ቀጠለች፤ መዳፏ ግን ሌላ ነገር እየቆጠረ ነበር። ከዚያ ውሏን አስቀመጠች። ሜዳው ላይ በእንሰት ቅጠል አጥር ይታጠራል፤ አጥሩ ረዥም ሰው እጁን ቢያነሣ የማይደርስበት ይሆናል። ሴት ትገባለች፣ ወንድ አይገባም። እንሰቱን መኪና ያወርደዋል፤ የተፋቀውንም በዚያው ቀን ፀሐይ ሳይመታው ወደ ጉድጓዱ ይመልሰዋል። እና ለበዴሳዋ እመቤት ማኅተም ያረፈበት የክብር ጥሪ ይላካል።

«ልጄ ስትፍቅ በዓይኗ ትየው» አለች። «አይታ ስትመለስ ገበያው ዝም ይላል።»

ለኃላፊው ነገርኩት።

«ታዲያ እንግዶቹ ምን ያያሉ?»

«አጥሩን።»

«አጥር ሕያው ባህል ነው?»

«ቅጠሉ ለምለም ከሆነ።»

በስንት ክርክር መፍትሔ ተገኘ። ሴቶቹ ውስጥ ይፍቃሉ፤ ወንዶቹ እንግዶች ውጭ ይቀመጣሉ፤ እኔ በማይክ ሂደቱን አስረዳለሁ። ወንበርና ሸራ የሚያከራየን የስልጤ ባለሱቅ ይህን ሲሰማ ወንበሩን መቁጠር ትቶ ተቀመጠበት። ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ ስለሆነ እሱም ያደገው በቆጮ ነው።

«አባቴ እኮ» አለኝ፣ «ዕድሜውን ሁሉ ቆጮ በልቶ ሞተ። አንድ ቀን ሲፋቅ አላየም። አንተ ያላየኸውን ለማያዩት ልታስረዳ ነው?»

«ባለሙያ ነኝ» አልኩት።

«አላህ ይርዳህ። ወንበር ብትሰብሩ ግን ባህል ነው አትበሉኝ።»

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው መካከል የእንሰት ቅጠል አጥር ቆመ፤ ከሩቅ ሲታይ ለምለም ምሽግ ይመስል ነበር። አክስቴ፣ ልጇና የመንደሩ ሴቶች ሳንቃቸውንና መፋቂያቸውን ይዘው ገቡ። የበዴሳዋ እመቤት ጥላዋን ዘርግታ፣ ባለማኅተሙን ጥሪ እንደ ቤት ካርታ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ከሚኒባስ ወረደች። ለማንም ሰላም ሳትል አጥሩን ዙሪያውን አየችውና «ቅጠሉ ቀጭን ነው» ብላ ገባች።

እኔ ከአጥሩ ሥር ማይክ ይዤ ቆምኩ። እንግዶቹ፣ ከዋናው እንግዳ እስከ ካሜራ ማኑ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆነው ቅጠል ያያሉ። ከውስጥ የመፋቂያው ድምፅ ይሰማል፤ ሽርርር፣ ሽርርር።

«ክቡራን እንግዶች» አልኩ፣ «አሁን እናቶቻችን ጥንታዊውን የእንሰት አፋፋቅ ጥበብ በመጠቀም ልጡን ወደ ቆጮነት እየለወጡ ይገኛሉ።»

«ኧረ መፋቂያው ገና እየተሳለ ነው» አለች አክስቴ ከውስጥ፣ ያለ ማይክ፣ ከእኔ ማይክ በላይ።

እንግዶቹ ሳቁ። ቀጠልኩ። «ቀጥሎም ቃጫውን ከዱቄቱ በመለየት—»

«ዱቄት ይላል እሱ» አለች ሌላዋ። «ይህ ልጅ ቆጮን ከወፍጮ ቤት የሚመጣ ነው የመሰለው?»

«ተዉት፣ አበሉን ይብላ» አለች አክስቴ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም፤ የተናገርኩት ሁሉ ከውስጥ እየታረመ ስለወጣ ማስታወስም አያስፈልግም። እኔ ግን ከአጥሩ በጣም ቅርብ ስለነበርኩ እንግዶቹ የማይሰሙትን እሰማ ነበር። የአክስቴ ዕቅድ ሠምሮ ነበር። ልጅቷ እየፋቀች ነው፤ የበዴሳዋ እመቤት ከአናቷ ላይ ቆማ ትተቻለች።

«ክንድሽን አጥፊው። አዎ… ትንሽ። ከየት ተማርሽው?»

«እናቴ ነች ያስተማረችኝ።»

«እናትሽ ናት እንግዲህ እንዲህ ያጣመመችው። እግርሽ ወደ ላይ ነው መያዝ ያለበት። እንደዚያ ከያዝሽው ግማሹ ቃጫው ላይ ይቀራል።»

«እንዴት ልያዘው?»

«ወዲያ በይ። ስጪኝ መፋቂያውን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ…»

የጥላ መታጠፍ ሰማሁ። ከዚያ ቀሚስ ሲሰበሰብ። ከዚያ የመፋቂያው ድምፅ ተለወጠ፤ እንደ ናዳ ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉላት። የበዴሳዋ እመቤት ያን ቀን የፋቀችው እንሰት፣ ሳላጋንን፣ አንድ ክፍለ ጦር ያበላ ነበር።

ችግሩ ከአጥሩ ውጭ ነበር። ዋናው እንግዳ ሰዓቱን አየ። ካሜራ ማኑ ቅጠል ቀርፆ ቀርፆ ሰልችቶት ካሜራውን አጥፍቷል። ኃላፊው ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ መጣ።

«በትንሹ ክፈተው። ለካሜራ ብቻ።»

«ቃል ገብተናል እኮ።»

«እኔ አልገባሁም። ጎጂ ልማድ አጥር ሠርተን እየተንከባከብን ነው እንዴ? ክፈት።»

«እጄ ማይክ ይዟል።»

ሰውየው ዞሮ ሄደ። በጀርባ በኩል፣ ሁለት ቅጠል በጣቶቹ ገለጥ አድርጎ፣ አንገቱን አስገባ።

ሽርርሩ ቆመ። ኃላፊው ከዚያ ውስጥ ምን እንዳየ ማንም አልጠየቀውም፤ ማንን እንዳየ ግን ወዲያው ታወቀ።

«ማነው ይሄ?» አለች የበዴሳዋ እመቤት፣ በጣም ቀስ ብላ።

ወጣች። ቀሚሷ እንደተሰበሰበ ወገቧ ላይ በመቀነቷ ተይዟል፤ ፈትታ ለማውረድ እንኳ አልታገሠችም። መፋቂያው በእጇ ነው። ኃላፊውን አላየችውም፤ በቀጥታ ተከትላት የወጣችውን አክስቴን ነው ያየችው።

«ማኅተም አድርጋችሁ የጠራችሁኝ ለዚህ ነው? የእኔን ጭን ለመንግሥት ለማሳየት?»

«እህቴ—» አለች አክስቴ።

«ምን እህትነት አለን? ከዚህ ቤት ጋር ልጄ አይጋባም። እዚሁ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ባለበት ነው የምናገረው።»

የአክስቴ ልጅ ከኋላ ቆማ ነበር። እጇ እስከ ክንዷ በተፋቀው እንሰት ነጭ ሆኗል። ፊቷን አይቼ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ቀልድ አጣሁ። አንድ ወር የተለፋበት ነገር፣ ጥር ላይ የሚቆመው ዳስ፣ ያ ሁሉ በሁለት ጣት የተገለጠ ቅጠል ላይ ቆሞ ነበር።

አክስቴ ሻሿን አስተካከለች። እኔ አክስቴን አውቃታለሁ። እውነት ስትናገር እጇን የትም አታደርገውም፤ ሻሿን ካስተካከለች አንድ ነገር እየፈለሰፈች ነው።

«ሥርዓት አለው» አለች። «በአያቶቻችን ጊዜ እንዲህ ሲሆን ያየው ሰው ይሸከማል።»

«ምኑን?»

«የተፋቀውን። ያየው ወንድ የተፋቀውን ራሱ ተሸክሞ እስከ ጉድጓዱ ያደርሳል፤ ያየባት ሴት ከኋላው እየተከተለች ታያለች። ያኔ እሱ ያየው ይሰረዛል፤ የሚቀረው እሷ ያየችው ነው። ሠርጉ ቀን ደግሞ መጥቶ የመጀመሪያውን ቁራሽ እሱ ይበላል። ውኃ ሆኖ ከቀረ በእሱ አፍ ይቅር።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ጌታው የባህል ሰው ናቸው። ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።»

እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት ባህል ሳለማ እንዲህ ያለ ሥርዓት ሰምቼ አላውቅም። ኃላፊውም አልሰማም። ግን የባህል ኃላፊ ሆኖ፣ ዋናው እንግዳ ፊት፣ ካሜራው እንደገና በርቶ፣ «እንዲህ ያለ ባህል አላውቅም» ማለት እንዴት ይቻላል?

«አዎ…» አለ። «አለ። የታወቀ ነው።»

«እኛም ጋ አለ» አለ ዋናው እንግዳ፣ ሳይጠየቅ። ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ በየወንበራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አያቱ ተሸክሞ እንደነበር የተናገረም ነበር።

የበዴሳዋ እመቤት አሰበች። እህል ልትገዛ ስትል እንዲሁ ነው የምታስበው አሉ፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና።

«ጉድጓዱ የት ነው?»

አክስቴ በአገጯ ዳሞታን አሳየቻት። ሴትዮዋ ተራራውን አየች። ከዚያ የኃላፊውን ነጭ ሸሚዝ አየች። ከዚያ እንደገና ተራራውን።

«በእግሩ?»

«መኪናው እንግዶቹን ለምሳ ሊወስድ ነው» አለች አክስቴ፣ ያኔ ገና ባላወቅነው ነገር እርግጠኛ ሆና። «የተፋቀው ደግሞ ፀሐይ ላይ ከዋለ አበቃለት።»

«እንግዲያው እከተለዋለሁ» አለች የበዴሳዋ እመቤት፣ ቀሚሷን አሁን እያወረደች። «መንገድ ላይ እንዳይጥለው።»

በዚያ ቀን ሶዶ ያየችውን ሰልፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችም። ኃላፊው በቅጠል ታስሮ የሚንጠባጠበውን ትልቁን ጭነት በትከሻው ይዞ ከፊት፤ እኔ «ባለሙያ ነህ» ተብዬ ትንሹን ይዤ፤ ከኋላችን ጥላዋን የዘረጋችው የበዴሳዋ እመቤት፤ ከኋላዋ አክስቴ፣ ልጇና ሳንቃ የተሸከሙ ሴቶች። የእንሰት ውኃ መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ሲደርቅ ነው የሚጠቁረው፤ ከጠቆረ ደግሞ በሳሙናም በጸሎትም አይለቅም። የኃላፊው ሸሚዝ በርበሬ ተራው ጋ ግራጫ ነበር፤ ባጃጆቹ መቆሚያ ስንደርስ ሌላ አገር ካርታ ሆነ። ሕዝቡ የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ። ጨፋሪዎቻችን ከኋላ ተቀላቀሉ። ካሜራ ማኑ ወደኋላ እየሄደ ሲቀርፅ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ከቦዩ ውስጥም መቅረፁን አላቆመም።

የስልጤው ባለሱቅ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን «ጋሼ» አለው ኃላፊውን፣ «ባህሉ ከበደ እንዴ?»

ከኋላ የበዴሳዋ እመቤት መለሰችለት፦ «ትከሻ አይቀይርም። እያየሁት ነው።»

ዳሞታ መውጫው ላይ ሁለት ጊዜ ሊያርፍ ሞከረ። ሁለቱንም ጊዜ ጥላው ጀርባውን ነካ አደረገው። ስንደርስ ጭነታችንን ተቀበሉንና እኔንና እሱን «አሁን ሂዱ» አሉን፤ ጉድጓዱ ላይ ቅጠል የሚነጠፈውም ወንድ ሳያይ ነውና። አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ኃላፊው ትከሻውን አሸ።

«እውነት ነው እንዴ ይህ ሥርዓት?» አለኝ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«የታወቀ ነው ብለዋል እኮ» አልኩት።

ከአጥሩ ውስጥ የበዴሳዋ እመቤት ድምፅ ይሰማ ነበር። ትእዛዝ እየሰጠች ነው። ቅጠሉን ደርቢው፣ ድንጋዩን ወዲህ አድርጊው፣ ሳምንት ሳይሞላ እንዳትከፍቺው፣ ከዚያ ደግሞ ገልብጪው። የምታዘው የአክስቴን ልጅ ነበር። እንዲህ የሚታዘዘው የገዛ ልጅ ነው። አክስቴ ለአንድ አፍታ ከአጥሩ ብቅ ብላ ውኃ ሰጠችን፤ ሻሿ እንደተጣመመ ነው፣ ልታስተካክለው አልሞከረችም።

በቀጣዩ ዓመት «ያየ ይሸከማል» በመሥሪያ ቤታችን ከጥንታዊ ሥርዓቶች ተርታ ገባ። ሥልጠናም ተሰጠበት። አሠልጣኙ ኃላፊው ነበር፤ ልምድ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ። ከዩኒቨርሲቲም አንድ አጥኚ መጥቶ ሥርዓቱ ከየት ዘመን እንደሚጀምር ጠየቀኝ። «በጣም ሩቅ ነው» አልኩት። ከሜዳው እስከ ዳሞታ ማለቴ ነበር።

ሠርጉ ግን ከዚያ በፊት፣ ጥር ላይ፣ ደረሰ። ዳሱ ውስጥ የሙሽራው ወገኖች ከበዴሳ መጥተው አንድ ወገን ሞልተዋል፤ እህል ነጋዴዎች፣ የሚቀርብላቸውን ሁሉ ገልብጠው የሚያዩ። ሥጋው ተቆረጠ፣ ሙቹዋ የሚባለው በአይብና በቅቤ የታሸ ምግብ መጣ፣ ቆጮውም ተጋግሮ ከሚያቃጥለው የዳጣ በርበሬ ጋር በቅጠል ላይ ቀረበ። ኃላፊው በአዲስ ሸሚዝ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ቁራሽ የበዴሳዋ እመቤት በራሷ እጅ አመጣችለት። ቆማ ጠበቀችው። ሰውየው አላመጠ፣ ዋጠ፣ እና የሥራ ሪፖርት የሚያቀርብ ይመስል «አበረታች ነው» አለ።

ለእኔም ደረሰኝ። በሐቅ እንነጋገር ከተባለ ቆጮው ኮምጥጦ ነበር። ውኃ አልሆነም፣ ረግቷል፤ ግን ሜዳው ላይ ፀሐይ መትቶታል፣ መንገድ ላይ ተንገላቷል፤ የበሉትን ሰዎች አንድ ዓይን የሚያስጨፍን ኮምጣጣ ነው። የሙሽራው አጎት ቀመሰው። መንጋጋው ቆመ። የበዴሳ ወገን ሁሉ ከሙሽራው እናት አፍ የሚወጣውን ለመስማት ዞረ፤ እሷ ካጣጣለችው ሁሉም ያጣጥላል፣ ልጅቷም ዕድሜዋን ሙሉ «የጠመኔዋ» ትባላለች። የአክስቴ ልጅ በሙሽራ መጋረጃዋ ውስጥ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

የበዴሳዋ እመቤት ቁራሿን አነሣች። በላች። ፊቷ ላይ ለአንድ አፍታ ገበያ ውስጥ የሚታወቀው ፊት መጣ። አፏን ከፈተች።

«የማን እጅ ነው ይሄ?» አለ አጎትየው ቀድሟት።

ከሴቶቹ ወገን አክስቴ፣ በዚያ ላሞችን ቀና በሚያደርግ ድምፅዋ፣ በትሕትና መለሰች፦ «ግማሹን ልጄ ናት የፋቀችው። የቀረውን እህቴ ናት፤ የበዴሳዋ። እኛ ጉድጓዱን ነው የቆፈርነው።»

የበዴሳዋ እመቤት አፏ እንደተከፈተ ቆየ። አክስቴን አየቻት። አክስቴ ሙቹዋው በቅቤ ወደሚታሽበት ዞራለች። ከዚያ ሴትዮዋ ያላመጠችውን ዋጠች፣ ሌላ ቁራሽ ጨመረች፣ ለወንድሟም አንድ ትልቅ ጉርሻ በእጇ አጎረሰችው።

«እንዲህ ያለ ቆጮ» አለች፣ «በዴሳ የለም።»

አጎትየው «የለም» አለ አፉ እንደተሞላ። ከዚያ በየተራው «የለም፣ የለም» እያሉ ሁሉም በሉ፤ ዳጣው ግን ከወትሮው ቀድሞ አለቀ።